ራህማ የምትሰማው ፉጨት

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ሦስት መኪና ሠራሁ። ሁለቱ ቀላል። ሦስተኛው የሳዳም ሚኒባስ... መብራት ሲበራ ቴፑ ይጠፋል፣ ጥሩምባ ሲነካ ዘፈኑ ይንተባተባል። ያየው ሁሉ "ቴፑ ሞቷል፣ ቀይረው" ብሎታል። ቴፑ ምን አደረገ? የኔጋቲቩ ገመድ ከመኪናው ብረት ጋር የታሰረበት ብሎን ነው የዛገው። ፈታሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ መልሼ አጠበቅኩት። አለቀ።

ሌላው የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተር፣ አንጠልጥሎ ይዞራል። እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ ሕመሙ የት እንዳለ አውቃለሁ። መሳለሚያ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የቆምኩት በዚህ ጆሮ ነው።

ራህማ እንደ ወትሮዋ ከፊት ለፊት ገመድና ፊውዝ ስትሸጥ ዋለች። ሚስቴ በሥራ ሰዓት ከሱቁ ደጃፍ የምትወጣ ሰው አይደለችም። ዛሬ ግን ሳዳም ሊሄድ ሲል ተከትላው ወጣች። ጋቢና ገባች። በሩን ዘጋች። ሞተሩ እየሠራ ቆዩ... አሥር ደቂቃ? ስትመለስ ፈገግ ብላለች።

ምን ነበር የሚያወሩት?

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ሳዳም ዛሬም መጣ። የተበላሸ ነገር የለውም። እሷ ወጣች። በሩ ተዘጋ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ቤት ዋልን። ምሳ ላይ ጠየቅኳት። እንደ ቀልድ አድርጌ።

"ያ ሳዳም ምን ፈልጎ ነው የሚመላለሰው?"

"ስለ ፊውዝ ጠየቀኝ።"

"ለፊውዝ በር ይዘጋል?"

"ውጭ ጫጫታ ነው። አይሰማም።"

ከእኔ ጋር ስታወራ ጫጫታው አስቸግሯት አያውቅም። አሥራ አንድ ዓመት በሚኒባስ ጩኸት መሃል ነው ያወራነው። ሳዳም ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ጸጉሩ ሙሉ፣ ጥርሱ ነጭ። ሲያገኘኝ "ጋሽ ጠይብ፣ እንዴት ነዎት?" ብሎ አንገቱን ይሰብራል። ከዚያ ሚስቴን ጋቢና ያስገባል። አክብሮቱን ለራሱ ያርገው!

ሩዙ ጨው በዝቶበታል አልኳት። አልበዛበትም ነበር።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ከጁምዓ ስመለስ እጇን አየሁት። ጥፍሯ ሥር ጥቁር ነገር። ግራሶ! ቀኑን ሙሉ ሱቅ ተቀምጣ የምትሸጥ ሴት ጥፍር ውስጥ ግራሶ ምን ይሠራል?

"ምን ነክተሽ ነው?"

"ኧረ የሱቁ በር ማጠፊያ ነው፣ ቀባሁት።"

የሱቁ በር አሁንም ይንጫጫል።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ዕቃ ላመጣ ነው ብዬ ወጣሁ። የትም አልሄድኩም። መንገዱን ተሻግሬ ቅዱስ ሱቅ ገባሁ። ቅዱስም መኪና ላይ ቴፕና ስፒከር ይገጥማል፣ ደንበኛ እየተናጠቅን ነው የምንኖረው። ቢሆንም ሰላምታ አላቋረጥንም። ከመስታወቱ ጀርባ ቆሜ የራሴን ሱቅ ስጠብቅ አየኝና "ምነው ጠይቤ፣ ሌባ አለ እንዴ?" አለኝ። "የዕቃህን ዋጋ እያየሁ ነው" አልኩት። አላመነኝም።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ራህማ ወጣች። የገባችው ግን ሳዳም ጋ አይደለም። ጠዋት የሠራሁላቸው ሽማግሌ መኪና ውስጥ ገባች። በከዘራ የሚሄዱ ሰውዬ! በሩ ተዘጋ። ሰውዬው ውጭ ቀሩ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ።

ግራ ገባኝ። በማን ልቅና? ቅዱስ ከጀርባዬ ይስቃል። ሽማግሌም ጨመረች ልበል? ለብቻ መኪና ውስጥ በር ዘግቶ መቀመጥ ምን የሚሉት ነው?

እንቅልፍ የለም።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

ያዝኳት።

የሳዳም ሚኒባስ። ሱቁ ጥግ ላይ ቆሟል፣ ሞተሩ ይሠራል። ሄጄ በሩን በአንዴ ከፈትኩት። ምን እንደምል አዘጋጅቼ ነበር፣ ሁሉንም ስድብ።

ራህማ ወለሉ ላይ ተንበርክካለች። ጭንቅላቷ ከወንበሩ ሥር ገብቷል። በአንድ እጇ አሥር ቁጥር የብሎን መፍቻ፣ በሌላው የእኔ ቴስተር። ሳዳም መሪው ላይ ሆኖ ቤንዚን ይሰጣል፣ ይለቃል፣ ይሰጣል፣ ይለቃል።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

ቀና አለች። ፊቷ ላይ አቧራ። የተያዘች ሌባ እንጂ ከወንድ ጋር የተያዘች ሴት አትመስልም።

"ያፏጫል" አለች።

"ምኑ?"

"ስፒከሩ ነው። ሞተሩ ሲጨምር አብሮ ይቀጥናል። አንተ የፊተኛውን ብሎን አጽድተኸዋል፣ ከዚህ ሥር ሌላ አለ።"

ሳዳም ቤንዚን ሰጠ። አዳመጥኩ። ምንም። የሞተር ድምፅ ብቻ። "ምንም የለም!" አልኩ።

ሁለቱ ተያዩ። ያንን መተያየት መቼም አልረሳውም። ሳዳም ቀስ ብሎ "ጋሽ ጠይብ፣ አይሰማዎትም? ትንኝ ጆሮ ውስጥ የገባች ነው እኮ የሚመስለው" አለኝ።

ዘግቼላቸው ሄድኩ።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ሱቁ ሳይከፈት ገባን። አንድ ሲዲ አለኝ፣ ስፒከር የምንፈትሽበት፤ ድምፁ ከወፍራም ተነስቶ እየቀጠነ ይወጣል። "እጅሽን አንሺ፣ መስማት ስታቆሚ አውርጂ" አልኳት። እኔም አነሳሁ።

ድምፁ ወጣ፣ ወጣ... አቆመ። እጄን አወረድኩ። ሲዲው አለቀ ብዬ ላጠፋው ስል የራህማ እጅ ከላይ ነው። ዓይኗን ጨፍናለች። ቆጠርኩ። አርባ ስድስት ሰከንድ ቆየ ያ እጅ።

አርባ ስድስት ሰከንድ ሙሉ ባዶ አየር እያዳመጥኩ ቆምኩ፣ እሷ ድምፅ ትሰማለች።

ሃያ ሁለት ዓመት ጭንቅላቴን ስፒከር ውስጥ ስከት ምን ይሆናል ብዬ ነበር?

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኳት። ከረመዳን ጀምሮ አለችኝ። ከረመዳን! አንድ ሾፌር ሊወቅሰኝ ተመልሶ ሲመጣ እሷ ቀድማ ያዘችው። ከዚያ ወዲህ እኔ የሠራሁትን መኪና ሁሉ፣ ለሶላት ወይም ለዕቃ ስወጣ ጠብቃ፣ ሳይሄድ ውስጡ ገብታ ታዳምጣለች። ካፏጨ ታክመዋለች። "ጠይብ ነው የላከኝ፣ የመጨረሻ ፍተሻ ነው" ትላቸዋለች። ሳዳም መኪናው ስላስቸገረ ነው የተመላለሰው። ምስጢሩን ያወቀ እሱ ብቻ ነው፣ አስምላዋለች።

ስለዚህ ከረመዳን ወዲህ የተመረቅኩት ምርቃት ሁሉ፣ "ጠይብ እጁ ይባረክ" የተባለው ሁሉ... የእሷ ነው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ትከፋለህ ብዬ።"

ምነው ከፍቶኝ ባረፍኩት። ማስተማሩንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ በተጋባን ሰሞን፣ ለጨዋታ ብዬ። ቴስተር አያያዝ፣ ገመድ አላላጥ። ምን አውቄ!

መጀመሪያ ሰው ይወስዳታል ብዬ ነበር የምንገበገበው። አሁን እሷ ናት ሙያዬን የወሰደችብኝ። ሳዳም ቢሆን ይሻለኝ ነበር ልበል? አስተግፊሩላህ። ግን እውነቱ ይኸው ነው፣ ሳዳምን ብደበድበው ይወጣልኝ ነበር። ጆሮ እንዴት ይደበደባል?

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ

ቴስተሩን ደበቅኩት። ተበላሽቷል አልኳት። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ዕቃ እደብቃለሁ።

አልጠቀመኝም። ስፒከሩ ያፏጫል የተባለ አንድ የቤት መኪና መጣ። ወፍራም ገመድ ወስዳ አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ድምፅ የሚያጎላው አምፕሊፋየር ኔጋቲቭ ላይ በቀጥታ አገናኘች። "ጠፋ!" አለች። ገመዱን አነሳች፣ "መጣ!" አለች። እንግዲህ ጥፋቱ መሃል ያለው የዛገው ብሎን ነው ማለት ነው። ሾፌሩ አጨበጨበላት። እኔን "ጎበዝ ሚስት አለችህ" አለኝ።

አዎ። አመሰግናለሁ። ሂድ።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

ለገና ሦስት ቀን ነው የቀረው፣ ገበያው ተጨናንቋል። እትዬ በለጥሻቸው መጡ። በርበሬ በረንዳ ላይ ከእሳቸው ቅመም ያልገዛ ቤት ያለ አይመስለኝም። ጭነት የሚያመላልሱበት መኪናቸው መዝሙሩን ይቆራርጣል። ላቫጆ ወስደው ምንጣፉን ለበዓል አሳጥበውታል፣ ከዚያ ወዲህ ነው የባሰበት አሉ።

ራህማ ከሱቁ ተነሳች። "ተቀመጪ" አልኳት። "ይህን መኪና እኔ ነኝ የምሠራው። ዛሬ ከዚህ ወንበር እንዳትነሺ።" ሰው ፊት ነው ያልኳት። ተቀመጠች።

ከፈትኩ። አምፕሊፋየሩ ይግላል። አሮጌ ነው ብዬ ትልቅ አዲስ ገጠምኩላቸው። የኔጋቲቩን ብሎን አላየሁትም፤ ምንጣፉ እርጥብ ነበር፣ መግለጥ ደከመኝ... አይ፣ ውሸት። ብሎን ማየት የራህማ ሥራ ስለመሰለኝ ነው ያላየሁት። ድምፁ ተንጎደጎደ። "እንደ አዲስ ሆኗል እትዬ!" መርቀውኝ ሄዱ።

መኪናው ሲወጣ ራህማ አንገቷን ቀና አደረገች። ውሻ ድምፅ ሲሰማ እንደሚያደርገው። ከዚያ መልሳ አቀረቀረችና ፊውዝ መደርደር ጀመረች።

ምንም አልጠየቅኳትም።

ጥር 1፣ ሐሙስ

ዛሬ የሆነውን ልጻፍ።

እትዬ በለጥሻቸው ከረፋዱ ላይ መጡ፣ በእግራቸው። ዓይናቸው አብጦ ቲማቲም መስሏል። ሰው ተከትሏቸዋል።

"አንተ ጠይብ! ልትገድለኝ ነው?"

አማኑኤል ጋ ሲደርሱ ነው ጭሱ የተነሳው። ብሎኑ ስለዛገ ኤሌክትሪኩ መመለሻ አጥቶ በቀጭኑ የቴፕ ገመድ ሄደ። አዲሱ አምፕሊፋየር ደግሞ ትልቅ ነው፣ ብዙ ይስባል። ገመዱ ጋለ። ከወንበሩ ጀርባ ገመዱ ላይ የተኛው ምንድን ነው? የበርበሬ ጆንያ። በርበሬው መቃጠል ጀመረ። የሚቃጠል በርበሬ በተዘጋ መኪና ውስጥ! ምንም ሳይታያቸው ነው ያቆሙት። ሰው ጎትቶ አወጣቸው። የሚያወጧቸውም ሰዎች እያለቀሱና እያሳሉ። ከፊት የመጣው መኪና ባይቆምላቸው ኖሮ...

እጄን በጨርቅ ጠረግኩ። ቅዱስ ከማዶ ቆሞ ያያል። የመሳለሚያ ሰው ሁሉ ያያል።

ራህማ ከሱቁ ወጣች። "እትዬ፣ የእኔ ጥፋት ነው። ገመዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቀጭን ነበር። አፉ በሉኝ።"

እንደዚያ አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ። እትዬ በለጥሻቸው የሰደቧትን ስድብ አልጽፈውም። ከሰዉ መሃል አንዱ "ሱቋን ብትጠብቅ ምን አለ" አለ። መኪናውን ቅዱስ ጋ አስገቡት።

እኔ ወደ ሱቁ ገባሁ።

ጥር 2፣ ዓርብ

ደስ አለኝ። ትናንት ሲሰድቧት ከሆዴ ሥር አንድ ነገር ደስ አለው። ጻፍኩት፣ አልሰርዘውም። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ጥር 5፣ ሰኞ

ራህማ ከወንበሯ አትነሳም። መኪና ሲመጣ አትወጣም። ቴስተሩን ከደበቅኩበት አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት፣ አልነካችውም።

ሳዳም መጣ፣ "እህቴ፣ አንዴ አዳምጭልኝ" አላት። "እኔ አላውቅም፣ ጠይብን ጠይቀው" አለችው። ሳዳም እኔን አየኝ። "ጋሽ" እንኳ አላለኝም።

ብቻዬን እሠራለሁ። የፈለግኩት ይህን አልነበረም? መኪና ሠርቼ ስጨርስ የሾፌሩን ፊት አያለሁ፣ ያፏጭ እንደሆን ከፊቱ ላነብ። አንዱ ፊቱን አጨማደደ። ስለ ድምፁ ይሁን ስለ ጥርሱ አላወቅኩም።

ማታ "እራት ቀርቧል" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገረችኝም።

ጥር 7፣ ረቡዕ

በርበሬ በረንዳ ሄድኩ። እትዬ በለጥሻቸው ሱቃቸው በር ላይ፣ ዓይናቸው ገና እንደቀላ ነው። ሁለት ሴቶች አጠገባቸው ኮረሪማ ይለቅማሉ። ከመናገሬ በፊት ሦስቴ አስነጠስኩ።

"ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

"ሚስትህ ጠይቃኛለች።"

"እሷ አይደለችም ጥፋተኛዋ። እኔ ነኝ። ብሎኑን አላየሁትም። ጆሮዬም... ቀጭን ድምፅ አይሰማም እትዬ። ከወንበሯ እንዳትነሳ የከለከልኳት እኔ ነኝ፣ ያኔም ሰምተውኛል። መኪናው ሲወጣ ማፏጨቱን ሰምታለች።"

"ለምን ከለከልካት?"

ውሸት ይዤ አልሄድኩም። "ቀንቼባት ነው።"

"በወንድ?"

"በጆሮዋ።"

ለቃሚዎቹ እጃቸውን አቆሙ። እትዬ በለጥሻቸው በርጩማ ሰጡኝ። ከዚያ ስለ ሟች ባላቸው ነገሩኝ። ሰውዬው በርበሬ ሲያሸት ኖሮ አፍንጫው ሞቶ ነበር። ቅመም እያሸተቱ በጆሮው የሚያንሾካሹኩለት እሳቸው ነበሩ፣ "ይሄ አሮጌ ነው፣ ይሄን ግዛ" እያሉ። "እሱ ግን እስኪሞት ድረስ በአፍንጫው ሲኮራ ነበር። አንድ ቀን እንኳ 'የእሷ ነው' ሳይል ሞተ። አሁንም ያናድደኛል።"

ልነሳ ስል ያዙኝ። "ለእኔ መንገርህ ምን ይረባል? ሚስትህ የተሰደበችው እዚህ ነው? መሳለሚያ ላይ ነው። የዚያ ቅዱስም ሥራ አልሆነም፣ ገመዱን ቀይሮት መኪናው ይጮሃል። ጥምቀት ይለፍና አመጣዋለሁ።"

ጥር 14፣ ረቡዕ

አመጡት። ሱቃችን ፊት፣ መንገዱ ላይ። ጮክ ብለው "ራህማ ናት የምትሠራው!" አሉ። ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ቅዱስም ተሻግሮ መጣ።

ራህማ አልተነሳችም። "እኔ ነኝ ያቃጠልኩት እትዬ፣ አልነካም" አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። አሁን ነው አልኩ።

"እሷ አላቃጠለችም" አልኩ። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። እትዬ በለጥሻቸው "አይሰማም!" አሉኝ።

"እሷ አይደለችም! እኔ ነኝ ያቃጠልኩት! ጆሮዬ አይሰማም! ራህማ ሰምታ ነበር፣ እኔ ነኝ ዝም ያሰኘኋት!"

አንድ ሾፌር፣ "ታዲያ እስከዛሬ ማን ነበር ሲሠራልን የነበረው?"

"እሷ ናት።"

ቅዱስ ሊስቅ ነው ብዬ ነበር። አልሳቀም። ጆሮውን ሲያሻሽ አየሁት።

ራህማ ተነሳች። አላየችኝም። ቴስተሩን ይዛ ገባች። አንዱ መርፌ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላው አምፕሊፋየሩ ኔጋቲቭ ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ቴፑ እየጮኸ። ዜሮ አካባቢ መቆም ነበረበት። አንድ ነጥብ ሦስት ቮልት አለ። መርፌውን ደረጃ በደረጃ አስጠጋችው፣ ከገመዱ ጫፍ ወደ ብሎኑ፣ ከብሎኑ ወደ መኪናው ብረት። ቁጥሩ የዘለለው እዚያ ላይ ነው። ምንጣፉን ገለጥን። እስካሁን አልደረቀም፣ ከሥሩ ከጆንያ የፈሰሰ ጨው ተጋግሯል። ብሎኑ ነጭና አረንጓዴ ሆኖ አብጧል።

"መብራቱን ወደዚህ" አለችኝ። ያዝኩላት። በአሥራ ሦስት ቀን ውስጥ ከእራት ጥሪ በቀር ያወራችኝ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው።

ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈገችው። አዲስ ጫፍ፣ አዲስ ብሎን፣ ከላይ ግራሶ። ቴስተሩ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሦስት አለ። ቤንዚን ተሰጠ። ሰው ሁሉ የሚያዳምጠው መኪናውን ነው፣ እኔ ፊቷን ነው ያየሁት። ግንባሯ ተፈታ።

"ጠፋ" አለች።

ለእኔ መቼም አልነበረም። አመንኳት።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ከፊት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። የፊውዙን ቦታ ገና አልለመድኩትም፣ ደንበኛ ያላግጥብኛል። አንድ የማላውቀው ሰው መኪናውን አቁሞ "የራህማ ቤት እዚህ ነው?" አለኝ። ነው አልኩት። "አንተስ?" "ባሏ ነኝ።" ያቺ ጥያቄ ወጋችኝ። አልዋሽም፣ ወጋችኝ። ሲያመሰግኗት እሰማለሁ፣ ይሄን ይሄንንማ ጆሮዬ አሳምሮ ይሰማል። ቅናቱ አልለቀቀኝም። ስሟን ግን እየጮህኩ እጠራለሁ፣ "ራህማ! መኪና መጥቷል!"

ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ፉጨቱ እንዴት ነው የሚለው?" አልኳት። ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

አሰበች። ሴት ልጅ መንገድ ላይ ስታፏጭ ነውር ነው፣ ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ ከንፈሯን አሾለች። ቀስ ብሎ የሚወጣ፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ነው። ሰማሁት!

"እንዲህ ነው?"

"አይ፣ ከዚህ ይቀጥናል" አለችኝ። "እንድትሰማው ብዬ ነው ያወፈርኩት።"

ድገሚልኝ አልኳት።